ከሐይቅ ስለመጣችው አሪፋና ስለ ቆለፈባት ሰው ደግነት

ለክቡር አቶ ዘይኑዲን፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር
ሱንድቢበሪ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ባሪያ ንግድ ክፋት ተናግረው አዳራሹን ሲያስለቅሱ ድምፅዎ ጥርት ያለ ነበርና፣ ደህና መሆንዎን ተረድቼ አላህን አመስግኛለሁ። ከእርስዎ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምኖረው ጎረቤትዎ ሙፈሪሃትም፣ ከማቅለሽለሽ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎ አመሰግናለሁ። አሪፋን «ልጆቼን ትጠብቃለች፣ ትማራለች» ብለው ከሐይቅ ከተማ ሲያስመጧት፣ ፓስፖርቷ እንዳይጠፋባት ካዝናዎ ውስጥ ቆለፉላት፤ ብርድ እንዳይመታት ብቻዋን መውጣት ከለከሏት፤ ትምህርቱም እንዳያደክማት አስቀሩላት። ለሰው እንዲህ የሚጨነቅ የት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ በሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ያገሬው ሰው ትቬትስቱጋ በሚለው፣ ውስጥ ስላገናኙን አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ ስልክ ለማናገር ወጣ ሲሉ አሪፋ ክንዴን ያዘችና «እትዬ፣ እዚህ አገር ሰው ከቤት ለመውጣት ማንን ያስፈቅዳል?» አለችኝ። «ማንንም አያስፈቅድም» አልኳት። አላመነችም። ስደግምላት እርጥቡን አንሶላ መሬት ላይ ጣለችና በነጠላ ጫማዋ ተከተለችኝ፤ ፖሊስ ጣቢያ እስክንደርስም ክንዴን አለቀቀችም።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ስለላኩልኝ ሽማግሌዎች። «እንደ ልጁ ናት እኮ! ቃልሽን አንሺ፣ ገመናችንን ለፈረንጅ አታውጪ» አሉኝ። ገመናው የልጅቷ መታሰር ሳይሆን የእኔ መናገር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። እንቢ ስላልኩም ሰርግ ላይ ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። ከእንዲህ ያለ ሰላምታ መዳንም ጸጋ ነውና፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ባለቤትዎን ወይዘሮ ኢናስን አመሰግናለሁ። የአሪፋን ፓስፖርት በመሐረብ ጠቅልለው የቤቴ በር ላይ ቆሙ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ለፖሊስም ነግሬአለሁ። ለእሷ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በዚያ ቤት እኔም መተንፈስ አቅቶኝ ነበር» አሉኝ። እርስዎ በመድረክ ላይ ስንት ዓመት ያወሩለትን ነጻነት፣ እሳቸው ደረጃ ወርደው አደረጉት።

አሪፋ ዛሬ ኖርስቦሪ ሰፈር ትኖራለች፣ ትምህርት ጀምራለች፣ ጮክ ብላም ትስቃለች። «ነጻ አወጣሽኝ» ስትለኝ እቆጣታለሁ፤ ነጻነት የራሷ ነበር፣ ማንም ሊመጸውታት አይችልም። እኔ ያደረግኩት እንዳላየ ማለፍን እምቢ ማለት ብቻ ነው።

ለመልካም ስምዎ የሚገባውን ክብር ሁሉ፣ ከዚያ በላይ ቅንጣት ሳልጨምር፣ አቀርባለሁ።

ሙፈሪሃት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ጠባይዎ የሚመሰክርልዎ ሰው እያፈላለጉ ነው ሲሉ ሰማሁ። አይድከሙ፤ ዐቃቤ ሕጉ እኔን ጠርቶኛል።