የጆሮዳባ ድምፅ

ኅዳር 9
ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል... እንስሳት የሚያወሩበት የልጆች ፕሮግራም። ልጄ ናት። ድርሰቱን የምትጽፈውም፣ አህያውን ሆና የምትናገረውም እሷው። አህያውን ጆሮዳባ ያለችው ከእኔ አፍ ወስዳ ነው። "ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ አይደል!" እየተባለች ያደገች!

ስልክ ጮኸ። አለቃዋ።
"እማማ፣ ቁጭ ብለዋል?"
ስቱዲዮው ደረጃ ላይ ወደቀች አለኝ። ልቧ። ሐኪም ቤት ሳትደርስ...
"ተው እንጂ፣ ይኸው እያወራች!" አልኩት።
"እማማ... እሱ ድሮ የተቀዳ ነው።"
አህያው ይስቃል። እጄ ላይ አረፋ።

ኅዳር 11
ቀበርናት።

ኅዳር 30
አለቃዋ መጣ፤ በፕሮግራሙ ዶሮዋን ሆና የምትናገረውን ልጅ አስከትሎ። (ስሟ አልያዝ ብሎኝ "ዶሮዋ" እላታለሁ። አልከፋትም።) ልጄ ጽፋ ያልተቀዱ ክፍሎች ቀርተዋል። አህያውንም ዶሮዋ ትሁን ይላል።
"እርስዎ ካልፈቀዱ አንነካውም። አህያው አገር ለቆ ሄደ ብለን እንዘጋዋለን።"
"አህያ ደግሞ የት አገር ይሄዳል?"
ዶሮዋ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።
አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። የልጄን ቦታ ለሌላ? ሞቼ እገኛለሁ! ግን የጻፈችውስ? ማንም ሳይሰማው ይቅር?

ታኅሣሥ 8
እስቲ ልስማው ብዬ ስቱዲዮው ሄድኩ። ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል። እኔን ከመስታወቱ ወዲህ አስቀመጡኝ። ዶሮዋ ጀመረች... ስትለሰልስ! ስትሽኮረመም! ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም።
"የኔ ልጅ፣ አህያ እኮ ነው። ሙሽራ አደረግሽው!"
አለቃዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።
"እንዴት ላድርገው እማማ?"
"ሲቆጡት ቶሎ አይመልስ። ልጄ መጀመሪያ 'አቤት?' ነበር የምትለው፣ ጭራሽ ያልሰማች መስላ። ደም የሚያፈላው እሱ ነው።"
"አቤት?"
"ጎትቺው።"
"አቤ...ት?"
"ወይ አንቺ ደረቅ!" ብዬ ብድግ አልኩ። የምሬን ነበር የተቆጣሁት! ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገና መሳቄ ነው... ደንግጬ አፌን ያዝኩ።
"በሉ ቅዱት" አልኳቸው።

ጥር 3
ዛሬ ታየ። እህቴ አብራኝ ነበረች።
"ቁርጥ እሷን!" አለች።
አይደለም። ድምፁ የዶሮዋ ነው፣ እጇን ይባርከው... አፏን ማለቴ ነው። ተንኮሉ ብቻ የልጄ። መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲያልፉ፣ "ደራሲ፦ ነፍስ ኄር" ብሎ ስሟ መጣ። እህቴ ልታጠፋው ተነሳች። ተይው አልኳት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ነፍስ ኄር። አዎ፣ ልጄ ሞታለች። አሁን ገባኝ።

ከእኔ በኋላ ይህን የምታነቡ... እባካችሁ፣ አንዴ ነፍሷን ይማር በሉልኝ። ስሟን ካላወቃችሁት የጆሮዳባ ድምፅ በሉ። እግዜር እንደሆነ አህያ መስሎት አይሳሳትም።