እናትና ግልገል ማስታረቂያ

ሚያዝያ 27
በረዶው መሟሟት ጀምሯል። አጋዘኖቹን አለብኩ፣ ሻይ በወተት አፈላሁ። አጎቴ ጎምቦ ምድጃው አጠገብ ትንባሆ ሲጠቀልል አረፈደ። እማዬ ከሞተች ወዲህ የራሳችንን ቋንቋ ዱኻኛን ትተን በሞንጎልኛ ነው የምናወራው... ብትኖር ሁለታችንንም ትቆጣን ነበር።

ሚያዝያ 30
ነጯ አጋዘን ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው። ግልገሏን አሸተተችውና ዞር አለች። ሊጠባ ሲጠጋ በእርግጫ!

እንዲህ ሲሆን የምታስታርቃቸው እማዬ ነበረች። ግልገሉ ላይ ጨው ነስንሳ ታንጎራጉራለች። እናቲቱ ጨዉን እየላሰች፣ ዜማውን እየሰማች ትለዝባለች። ግጥሙን አውቀዋለሁ። የቸገረኝ ድምፁ ነው። ዱኻኛ አንዳንዱ ቃል ጉሮሮ ውስጥ እንቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ሞንጎልኛ ይህ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ...

ሞከርኩ። ጨዉን ልሳ ሄደች።

«አንቺ፣ ዜና ነው እንዴ የምታነቢላት?» አለኝ አጎቴ።

«እስቲ አንተ ሞክራት!»

«የሴት ሥራ ነው። ደግሞ የእኔን ድምፅ ከሰሙ ሌሎቹም ይደነብራሉ።»

ሳቅን። ግልገሉ ግን አልጠባም።

ግንቦት 1
ከሌላ አጋዘን አልቤ በጠርሙስ ሰጠሁት። ትንሽ ቀመሰና ተወው። እግሩ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ከቀጠለ ይሞታል።

ሬዲዮው የቱርክ ቋንቋዎች ብዙ አገር አዳርሰዋል ይላል። የእኛም ከእነሱ ወገን ነው። ታዲያ ምን ይጠቅመኛል? እዚህ ሰፈር ከአጎቴ በቀር አሳምሮ የሚናገረው የለም። እማዬ ናፈቀችኝ። ፊቷ እንኳ አይደለም... ድምጿ። ትቆጣኝ የነበረበት ድምፅ።

ግንቦት 2
ዛሬም እምቢ።

ግንቦት 3
ጠዋት ግልገሉ መነሳት አቃተው። ተሸክሜ እናቱ እግር ሥር አስቀመጥኩት። ጨው ነሰነስኩ። ምን ተስፋ አለኝ? አጋዘኗን ማባበሉን ተውኩና እማዬን መቆጣት ጀመርኩ። «ለምን ሳታስተምሪኝ ሄድሽ?» አልኩ፣ በእኛው ቋንቋ። እያለቀስኩ ወደ ዜማው ገባሁ... ጉሮሮዬ ጭምቅ አለ። ድምፁ ወጣ! ሻካራ ነው፣ ግን እሱው ነው። አጋዘኗ ጆሮዋን አቆመች። ግልገሉን ላሰችው። ደግፌ አቆምኩት፣ አልተራገጠችም። ጠባ። ጅራቱን እያወዛወዘ ጠባ።

የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠ። አጎቴ ነው። ጫማ እንኳ አላደረገም፣ በካልሲው በረዶው ላይ ቆሟል።

«ኻንዳ?» አለ። የእማዬን ስም።

ከዚያ እኔን አየኝ። ምን ልበለው?

«አቤት» አልኩት።