በሰሊጥ ለጠቆሩ እጆች ስለተሰጠ የችኮላ ፍርድ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 17

«ዘርጋው የቀን ሠራተኛውን መዳፍ ገልብጦ አየ። ጥቁር ነበር። በሳሙና የማይለቅ ጥቁረት የባሩድ ብቻ ነው። ‹ተኳሹ አንተ ነህ› አለው።» (ቅጽ 23፣ ገጽ 141)

ለተከበሩ የ«መርማሪ ዘርጋው» ተከታታይ ልብ ወለድ አሳታሚ፣

ጤናዎ እንደ መርማሪዎ ጤና የጸና ይሁን፤ እርሱ በቅጽ 9 ልቡን በጥይት ተመትቶ በቅጽ 10 ያለ ጠባሳ ስለተነሣ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት አላገኘሁልዎትም።

በዩኒቨርሲቲ ግብርና ያጠናሁ፣ እዚህ ገዳሪፍ የዘር ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ሃያ ሦስቱንም ቅጾች አንብቤአለሁና አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. መርማሪዎ በነሐሴ፣ ትራክተር በሚሰምጥበት የፋሽጋ ጭቃ ላይ፣ በነጭ ጫማ ሮጦ ሽፍታ ይይዛል፤ ጫማው አይቆሽሽም። ይህን ይቅር ብለናል። ሩጫው ልብ ስለሚሰቅል እኔም ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

2. ሰሊጥ በእርጥቡ ሲታጨድ ሙጫው መዳፍ ላይ ደርቆ ይጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅም። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያሻም፤ ግማሽ ቀን ማጨድ ይበቃል።

3. ከመተማ የመጣው አጫጅ አስናቀው፣ ሥራ በሚቆምበት በዓርብ ቀን፣ መጻሕፍትዎን ለሰላሳ ጓደኞቹ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። አማርኛ የሚሰማ፣ ማንበብ ግን የማይችለው የእርሻው ዘበኛ ጣሃም ከፊት ተቀምጦ ያደምጥ ነበር። በዚህ ወር መጀመሪያ የትራክተሩ ጎማ በጥይት ተመትቶ ሲገኝ፣ ጣሃ እንደ መርማሪዎ አጫጆቹን አሰልፎ መዳፋቸውን ገለበጠ። የሁሉም ጥቁር ሆኖ ስላገኘው ከሁሉ የጠቆረውን መረጠ፤ እርሱም ከሁሉ ፈጥኖ የሚያጭደው አስናቀው ነበር። «ሰሊጥ ነው እኮ፣ ጣሃ ወንድሜ» ቢለው፣ «ወላሂ፣ ሰሊጥ አይደለም ብለህ ያነበብክልኝ አንተው ነህ» አለው።

ስለ ጣሃ፣ ስለ ትጉሁ ደቀ መዝሙርዎ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

አስናቀው ተባረረ። ወሬው ከእርሻ እርሻ ስለዞረ በአካባቢው የሚቀጥረው ጠፋ። የእርሻው ወኪል ለምልጃ ስሄድ የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፦ «መጽሐፉ ተሳስቷል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣና ነገ ሥራው ይግባ።» ለእኔ የግብርና ዲግሪ ያልተሰጠ ክብር ለእርስዎ ማኅተም ስለተሰጠ እንኳን ደስ ያለዎት።

እንግዲህ ገጽ 141 ስሕተት መሆኑን የሚገልጽ፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የጽሑፍ መልስ እስከ ኅዳር 12 እንዲደርሰኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ አጨዳው ያልቃል፤ አስናቀውም ተኳሽ ተብሎ፣ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ይመለሳል።

ሰሊጥን ከቂጣ ላይ ብቻ ለሚያውቁት አርታኢዎችዎ የማያልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣

ታማኝ አንባቢዎ
አገኘሁ አደራጀው

ማሳሰቢያ፦ በቅጽ 24 መርማሪው ሐኪም መስሎ ሆስፒታል እንደሚገባ በማስታወቂያዎ አነበብኩ። በሽተኞቻችንን የምናሸሽበት ጊዜ እንድናገኝ፣ የሚወጣበትን ቀን አስቀድመው ያሳውቁን። ለእኔ አንድ ቅጂ ያስቀሩልኝ።