ሚስላ ከሙዚቃ ሳጥኗ ላይ ወረደች

ኤስፔን፣

የበርገን ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፤ ግን ሳልነግርህ ብሄድ እፈነዳለሁ።

ሙዚቃ የምታጫውተን ትንሿ ሳጥን መሳይ ኮምፒውተር ለምን እንደ እሳት ትፋጅ እንደነበር ደረስኩበት። ዘፈኖቻችንን በሙሉ በየደቂቃው እንደ አዲስ ስትፈትሽ ነበር የምትውለው። እንዲያ ብሎ ያዘዛት ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። አሁን በቀን አንዴ ብቻ እንድትፈትሽ አድርጌያታለሁ፤ ዘፈኑ አይቆራረጥም፣ ሳጥኗም ቀዝቅዛለች።

የቀረፋ ዳቦህን በልቼዋለሁ። የድካሜ ነው።

ጉዱን ስማ ደግሞ። ብርዱን ሙሉ ሳጥኗ ላይ ተኝታ የከረመችው ድመታችን ሚስላ ወረደች። ቤቱን ዞረች፣ ምድጃውን አሸተተች፣ እኔን ገላመጠችኝ። "ሚስላ ትጠላኛለች" ስትል አልነበር የከረምከው?

ማሞቂያውን እንዳትከፍት። ሶፋው ላይ ቁጭ በል፤ አትጥራት፣ በዓሣም አታባብላት።

ቤቱ ውስጥ የቀረው ሙቅ ነገር አንተ ብቻ ነህ።

ታይራ