ለአማትና ለምራት አንድ ፍራሽ

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

አልጋውን አስገባን። እኔ በራስጌ፣ ምራቴ በግርጌ። ሆዷን እያየሁ ተዪው አልኳት፤ አልተወችም። በዚህ የጋምቤላ ወበቅ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ማታ አልጋው ይወጣል፣ ማንጎው ሥር አጎበር ይወጠራል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ተመልሶ ይገባል። ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለኝ።

ጥፋቱ የፍራሹ ነው። የጥጥ ፍራሽ፣ ከልጄ ዕድሜ የሚበልጥ። መሃሉ ጎድጉዷል፤ ሁለት ሰው ሲተኛበት ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ይንከባለላሉ። እኔ በጎኔ ኩርምት ብዬ ነው የምተኛው። አሪየት ድሮ በጀርባዋ ነበር፣ እጇን ዘርግታ። አሁን ነርሷ በግራ ጎንሽ ተኚ ብላታለች። ስትዞር እዞራለሁ። ስዞር ትዞራለች። ላብ በላብ።

አሪየት የልጄ ሚስት ናት። የአኙዋ ልጅ፣ ዲፕሎማ ያላት፣ የመንግሥት መ/ቤት ሠራተኛ፤ አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ። ልጄ ሳያማክረኝ ነው ያገባት። ሾፌር ነው፤ ለሥራ ዲማ ሲላክ እኔ ጋ ጥሏት ሄደ። አንድ አልጋ፣ አንድ አጎበር፣ ሁለት ሴት።

ዛሬ ስነቃ መሬት፣ ምንጣፍ ላይ አገኘኋት። አስካለ በአጥሩ በኩል አይታ ምነው አለችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ የሰው ቤት ሳታይ ቁርስ አይወርድላትም። እነሱ ምንጣፍ ነው የለመዱት አልኳት። ደግሞ ምድጃ ናት፣ አጠገቧ መተኛት አይቻልም አልኩ። ሳቅን። አሪየት ቧንቧው ጋ ጀሪካን ትሞላ ነበር።

ከሰዓት

ልጄ ደወለ። የአሪየት እናት አቦቦ ነው የምትኖረው፤ ልጄ እኔ ጋ ትውለድ እያለች ነው። እሱ ግን ሆስፒታሉ እንዳይርቃት ከተማ እንድትቆይ ይፈልጋል። ወገቧ ዕረፍት ካላገኘ ትሄዳለች አለኝ። ለሁለታችሁም የሚሆን ጥሩ ፍራሽ ግዢ፣ ከሰይድ ሱቅ፣ እኔ ተነጋግሬያለሁ አለ።

ትሂድ። ምን ቸገረኝ። አልጋው ይሰፋኛል።

ከላይ ያለውን ደግሜ አነበብኩት። ውሸት ነው። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በፊት የእኔ ድምፅ ብቻ ነበር። አንተ ደብተር ለማንም አትናገርም መቼም። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፣ የማታ ት/ቤት፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለመጻፍ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። መሃል ከተማ፣ ከገበያው ፊት ለፊት። የወሎ ልጅ ነው፣ አባቱን አውቀዋለሁ። ፍራሾቹን እንደ እንጀራ ደራርቧቸዋል፣ ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልለው። በቡጢ ደቆስኳቸው። በክርኔም ሞከርኩ። ሳቀ።

እንዲህ አይመረጥም አለኝ። ከዚያ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው፦

— እማማ ዘነቡ፣ እንዴት ነው የሚተኙት?

ሱቁ ውስጥ ሰው አለ። ሁለት ወንዶች ቆርቆሮ ይገዛሉ። ፊቴ ጋለ። ምን አገባህ አልኩት። የልጄ አባት ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጥሎኝ የሄደ ዕለትም አልጠየቀኝ። ይሄ ባለሱቅ ይጠይቀኛል።

ሰይድ አልተቆጣም። በጎኑ ለሚተኛ ሰው ጠንካራ ፍራሽ ትከሻና ዳሌ ይወጋል አለ። በጣም ለስላሳው ደግሞ መሃሉ ይሰምጣል፣ በጀርባው የሚተኛው ወገቡ ይጎብጣል። ለነፍሰ ጡርም አይሆንም፤ ከገባች መውጣት ያቅታታል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አተኛኘት ላለበት አልጋ መካከለኛው ነው። ፎም ሆኖ፣ ውስጡ ቀዳዳ ያለው፣ ጨርቁ አየር የሚያስገባ። ለጋምቤላ ሙቀት ከዚህ ሌላ አይሆንም አለ። ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መ-ካ-ከ-ለ-ኛ። ቆርቆሮ ገዢዎቹ ጠበቁኝ። አፈርኩ፣ ግን ጨረስኩት።

ካልተኙበት አልሸጥልዎትም አለ። መጋረጃ ጎተተልኝ፣ እዚያ ላስቲክ የሌላት፣ ለማሳያ የዘረጋት አለችው። ነጠላዬን አጥብቄ በጎኔ ጋደም አልኩ። ትከሻዬ ትንሽ ገባ፣ ዳሌዬን ምንም አልነካኝም። ነፋስ ያለ መሰለኝ። ለአንድ አፍታ ዓይኔን…

በቃ፣ ተኛሁ። ይጻፍ። የሰው ሱቅ ውስጥ አፌን ከፍቼ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የራሴ ማንኮራፋት ነው። መጋረጃውን ስገልጥ ሁለቱ ወንዶች ሄደዋል፣ በምትካቸው ሦስት ሴቶች ቆመዋል። አንዷ የማኅበራችን ሴት ናት። ሰይድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኝቷቸው ኖሯል። ይሄኛው ይሸጣል አለ። ሁሉም ሳቁ።

እሱን ጫንልኝ ብዬ ወጣሁ። ቀና ብዬ አልሄድኩም።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ፍራሹ በባጃጅ ጣሪያ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። አስካለ በእጇ ዳሰሰችው፣ ከላስቲኩ ላይ። የሙሽራ ፍራሽ አስመሰልሽው፣ ልታገቢ ነው እንዴ አለችኝ። አንቺን ሚዜ አደርግሻለሁ አልኳት።

አሪየት መቀስ ይዛ መጣች። ላስቲኩን ልትቀድ። ተዪ አልኩ። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ይወለቃል እንዴ? የቤቴ ወንበርም ላስቲኩ አለ፣ ቴሌቪዥኑም አለ። ያለኝ ነገር ሁሉ የቆየው በላስቲክ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደህና ነበር። ለአስካለ ብዬ ቀጠልኩ። ደግሞ ነገ እንሽርት ይፈስበታል፣ ከነገ ወዲያ የሕፃን ሽንት፤ ላስቲኩ ለእሷ ነው የሚያስፈልገው፣ ለእኔማ ምን ያደርግልኛል አልኩ። አሪየት መቀሱን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። መሳቢያውን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ። ደክሞኛል።

ፍራሹ እሳት ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አንሶላው ይንሸራተታል፣ ፍራሹ ከሥር ሲጢጢጥ ይላል፣ ላቡ ጀርባዬ ሥር ይጠራቀማል። ኩሬ ውስጥ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ። አሪየት ዓርብ ማታ ምንጣፏን አነጠፈች። ትናንትም። እግሯ አብጧል፤ ከምንጣፍ ስትነሳ የማንጎውን ግንድ ይዛ ነው።

ሰይድ ሌባ ነው። ቀዝቃዛ ብሎ ምጣድ ሸጠልኝ። የሚተኙት እንዴት ነው ይለኛል ደግሞ። አታሎኝ ነው ያስተኛኝ።

የአሪየት እናት ደወለች። በቋንቋቸው ረጅም አወሩ። ስሜን አልሰማሁም፣ ግን ስለ እኔ ነው። ከዚያ አሪየት ሻንጣዋን አወረደች። ለልጇ ያጠበቻቸውን ጨርቆች ከታች፣ የራሷን ከላይ። ነገ ከሰዓት በአቦቦ መኪና ልሄድ ነው አለችኝ፣ ይቅርታ እየጠየቀች። እሷ! እኔ ደህና አልኩ። ደህና ብቻ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢጣመም ይቅር።

ጾም ነው፣ አፌን እቆጣጠራለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አልሆነም። ከሱቁ ደጃፍ ጀመርኩ። ሌባ አልኩት፣ አጭበርባሪ፣ የአባትህን ስም ያጠፋህ። አሮጊት ብለህ ነው፣ ማንበብ አትችልም ብለህ ነው አልኩት። ምራቴ በአንተ ምክንያት ልትሄድ ነው አልኩ። ባጃጆች ቆሙ። የአትክልት ሻጮቹ ተነሥተው መጡ። ሰይድ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ ውኃ አቀረበልኝ፤ አልጠጣሁም። ከዚያ በለሆሳስ ጠየቀኝ፦

— እማማ፣ ላስቲኩን አውልቀውታል?

አዲስ ዕቃ ነው እኮ አልኩት።

— አየሩ በየት ይግባ እማማ? የዝናብ ልብስ አልብሰውት እኮ ነው የተኙበት!

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የእኔም ከነላስቲኩ ነው እናቴ፣ አይዞሽ አለች፤ ባሰብኝ። ሰይድ አልሳቀም። ሰዎቹን ሂዱ፣ ሥራ የላችሁም ወይ አላቸው። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። ለዚህ ሁሉ ስድብ ድምፅ ነበረኝ፣ ለዚያች አንዲት ቃል አጣሁ። ዞሬ ሄድኩ።

ቤት መሄድ አልቻልኩም። ባሮ ዳር ወረድኩ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ። የድልድዩ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ያወቀኝ የለም።

ከሰዓት በፊት

ተመለስኩ። አሪየት ወጥ ሠርታ ነበር፣ ለእኔ፣ ለሦስት ቀን የሚሆን። ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣዋለች። ሻንጣው በር ላይ።

የሱቁን ጉዳይ ነገርኳት። የሰይድን ጥያቄ ሳይቀር። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች፤ እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

— እማማ፣ እኔ ምንጣፍ አልወድም። እናቴ ቤት የራሴ አልጋ አለኝ፣ ከልጅነቴ። ምድጃ ናት ሲሉ ሰማሁ። እንዳላሞቅዎት ብዬ ወረድኩ።

በቃ ይሄው ነው ያለችው። እኔ ግን እነሱ የለመዱት ነው እያልኩ ለሰፈር አወራሁ። ወገቧን ምንጣፍ ላይ እየቀጠቀጠች ለእኔ እንቅልፍ ስትል። ከእሷ ጋር የምኖረው ቋንቋዬን የማትሰማ አስመስዬ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ታነበዋለች።

መቀሱን ከመሳቢያ አወጣሁ።

ጫፉን ያዢልኝ አልኳት። ያዘችልኝ። ቀደድኩት፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ። ላስቲኩ ውስጥ የእኛው ላብ ነበር፣ እንደ ጤዛ። ጨርቁን ስነካው ደረቅ ነው፣ ቀዝቃዛ። አልጋውን ፀሐይ እያለ አስወጣን፣ ማንጎው ሥር። በዚህ ሰዓት አልጋ ሲወጣ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። አስካለ አንገቷን ብቅ አደረገች። ምን ሆናችሁ? አለች። ላስቲክ እያወለቅን ነው አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምራቴ ምንጣፍ አትወድም፣ የሰማሽውን ለሰው ካወራሽ ይሄንንም አውሪልኝ አልኳት። ጎንበስ አለች፣ ጠፋች።

መኪናው እስኪደርስ ጋደም በዪ አልኳት አሪየትን። በግራ ጎኗ ተኛች። ሆዷ ፍራሹ ላይ አረፈ። ትራስ በጉልበቶቿ መሃል አደረግኩላት፣ ነርሷ እንዳለችው። እስካሁን አድርጌላት አላውቅም።

ከሰዓት

ተኝታለች። ውኃ በአፏ የያዘች ይመስል ዝም ያለ እንቅልፍ። ጨርሶ አልተገላበጠችም።

ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳት ባጃጅ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። በሩጫ ወጣሁ፣ ነጠላዬን ሳልይዝ። ዝም በል አልኩት፣ ነፍሰ ጡር ተኝታለች። ልጁ የአቦቦው መኪና ያመልጣታል አለ። ልክ ነው። ልቀስቅሳት ወይስ ልተዋት? ብተዋት ደስ ይለኛል። ያ ነው የሚያስፈራኝ። ደግሞ እኔ ስለ እሷ እንቅልፍ ልወስን? ኋላ ተመለስ አልኩት፤ ማታም የሚሄድ አለ።

አሁን የእሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዳሌዬን ይወጋል። የማንጎው ሥር ያበጠበት ቦታ አለ፣ ልክ ወገብ የሚያርፍበት ላይ። እዚህ ላይ ነው የምትተኛው።

ስትነቃ የምላትን ልጻፍ፣ ካልጻፍኩት ደህና ብዬ እዘጋዋለሁ። አንደኛ፣ ይቅርታ። ሁለተኛ፣ ከፈለግሽ ሂጂ፣ እናትሽ እናትሽ ናት፤ ግን ፍራሹን ይዘሽ ሂጂ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ይጫናል። እኔ የጥጡ ይበቃኛል። እንሽርቱም ይፍሰስበት፣ ልጁም ይሽናበት፤ ለዚያ ነው የተገዛው። ሦስተኛ፣ ከቆየሽ ግን በየትኛው በኩል መተኛት እንደምትፈልጊ ንገሪኝ። እስካሁን አልጠየቅኩሽም።

ሰይድ ጋም ነገ እሄዳለሁ። ሰው በሞላበት ሰዓት።

ዓይኗን ገለጠች። መኪናው? አለችኝ። አመለጠሽ፣ እኔ ነኝ የመለስኩት፣ ማታ ሌላ አለ አልኳት። ሻንጣዋን አየች። ከዚያ እኔን፣ ምንጣፉ ላይ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ደብተሩን ላነብላት ነው እንግዲህ፣ ፊደል እየቆጠርኩም ቢሆን።

ጠጋ አለች። ወደ ግንዱ በኩል፣ ሆዷን ይዛ እየተጎተተች። ለእኔ የሚሆን ቦታ ለቀቀች። እጇን ባዶው ቦታ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።