ያላስጨረሱት ንግግር

ነገሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

አብሮኝ የሚሰለጥነው የገልገሎ አባት ዛሬ ከአሬሮ መጡ። ልጃቸው የታሰረው ባለፈው ሳምንት፣ የማሰልጠኛው ካድሬ ሪፖርት ባነበበበት የውይይት ሰዓት ተነሥቶ «ድርቁ ለምን ሪፖርቱ ውስጥ የለም?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ማሰልጠኛው በር ላይ አገኙኝ።

«አካም ልጄ፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ አባባ።»

«ሰው ሰደበ እንዴ?»

«ኧረ አልሰደበም። ከብቱ አልቋል ነው ያለው።»

«እውነቱን ነው፤ የኛም አልቋል። ጨርሶ ተናገረ?»

«አላስጨረሱትም። ካድሬው ጭብጨባ አስጀመረና ድምፁ ተዋጠ።»

ከእስሩ ይልቅ ይሄ የከነከናቸው መሰለኝ። «እኛ ጋ ለጉባኤ ዛፍ ሥር ሊናገር የቆመ ሰው፣ ቢሳሳትም እስኪጨርስ ይሰማል» አሉና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄዱ።

ከሰዓት ደግሞ ውይይት ነበር። ሪፖርቱ ሲረዝም ሳላስበው ወደ ኋላ ዞርኩ። ገልገሎ ከኋላዬ ሆኖ «ይህ ሰውዬ ግመል ነው እንዴ? ውሃ እንኳ አይጠማውም!» እያለ ያስቀኝ ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ ሰው ካፖርቱን አስቀምጦበታል።

አባቱን አስገብተዋቸው ይሆን? ካስገቧቸው፣ ገልገሎ የቀረውን ንግግሩን ሳይነግራቸው አይቀርም። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ብሰማው...