መስኮት ዘግተው ባቲክ የሠሩት የወይዘሮ ሸዋገነት ዱባለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሸዋገነት ዱባለ በ1981 ዓ.ም. ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ ወዳለው ግቢያችን በገቡ በሳምንቱ፣ የጎረቤት እናቶች ለበዓል ጧፍ ሊያዙ በራቸው ላይ ተሰበሰቡ። ቤታቸው ሰም ሰም ስለሚሸት፣ ሰፈሩ ጧፍ ሠሪ መጣችልን ብሎ ነበር። እሳቸውም ሳይከፋቸው በሰምና በቀለም ያስጌጡትን አቡጀዴ ዘርግተው፣ «ይኼ አይበራም፤ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» አሏቸው። እናቶቹ ሲወጡ ግን፣ «ደህናውን ጨርቅ ሰም አፍስሳበት?» መባባላቸው አልቀረም።

ወይዘሮ ሸዋገነት ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከብ ገብሬ በ1954 ዓ.ም. በእምድብር አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1975 ዓ.ም. በአንድ የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ጨርቅን በሰምና በቀለም የማስጌጥን፣ የባቲክን ሙያ ቀሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ እንጀራ አልፈለጉም። በ1980 ዓ.ም. ከአቶ ብሩኬ ተሰማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳያትንና አማኑን ወለዱ። አቶ ብሩኬ የሰም ጠብታ የሌለበት ሸሚዝ ለብሰው የወጡበትን ቀን ግቢው አያስታውስም።

የባቲክ ሰም ትኩስ ሆኖ ጨርቁ ውስጥ ካልሰረገ ዋጋ የለውም። ነፋስ ከመታው ላይ ላዩን ይረጋና ቀለሙ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋገነት መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ሰሙ ቡታጋዙ ላይ ይጨሳል፤ እሳቸው ደግሞ ብሩሻቸውን ይዘው ያጎነብሱበታል። መጀመሪያ ቢጫውን፣ ቀጥሎ ቀዩን፣ በስተመጨረሻ ጥቁሩን።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የግቢው ድመት እዚያ ክፍል ደጃፍ መተኛት ተወች። ረዳታቸው ጉዲቱ ሳል ጠንቶባት ሥራውን ስትለቅ፣ «ድሮም ደካማ ናት» አሉ። በክረምቱ ሳሉ ወደ ራሳቸው ዞረ። ከግድግዳው ወዲህ ያለን ጎረቤቶች ሲያስሉ እንሰማለን፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብስ እንፈራለን።

በ2014 ዓ.ም. ሳያት እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ብቻቸውን የገቡት ወይዘሮ ሸዋገነት ሐኪሙ ሥራቸውን ሲጠይቃቸው፣ እንዳይከለክላቸው ፈርተው «የቤት እመቤት ነኝ» አሉ። እሱም ብርድ መስሎት፣ «ነፋስ እንዳይመታዎት፣ መስኮት ይዝጉ» አላቸው። በዕድሜያቸው የሐኪም ትእዛዝ ሳያጉረመርሙ የተቀበሉት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳያት መስኮቱን በከፈተች ቁጥር፣ «ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?» እያሉ መልሰው ይዘጉባት ነበር። ልጅቱም ሐኪም ያዘዘውን እንዴት ትሻር? ኋላ ኋላ ራሷ ትዘጋላቸው ጀመር።

እውነቱ የወጣው ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ሲገቡ ነው። ሳንባቸው በጭስ መጎዳቱ ተነገራቸው። ሳያት ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ «እኔው ራሴ እኮ ነኝ የዘጋሁት» ስትል ሰማናት። ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም።

ወይዘሮ ሸዋገነት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉ ሥራዎቻቸውን ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነፋሻማ በሆነ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

አንዲት ነገር ሳናነብ ብንቀር ግን ይታዘቡናል። በሆስፒታሉ ወጣቱ ሐኪም አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ወይ ሰሙን ወይ ሳንባዎን ይምረጡ» ቢላቸው፣ ቀና ብለው አዩትና፣

«ሳንባዬን ማን ይገዛኛል ብለህ ነው?»